ዶን ጋስፓር በካሴት የተናገሩት

ማርጊት ሊንድ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ የገቡት በጥቅምት ነው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ከእጃቸው ይልቅ ግን ሰውን ያስቸገረው ንግግራቸው ነበር። ጧት በደህና እንግሊዝኛ "እንደምን አደርሽ" ይሉና ቁርሳቸውን ሲጀምሩ ቃሉ ይጠፋባቸዋል። በጠፋው ቃል ቦታ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ እየተቆረጠ የሚቀጥል፣ በዚያ ቤት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር። የሕክምና ቻርታቸው ላይ "ግራ ይጋባሉ፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማሉ" ተብሎ ተጻፈና በዚያው ታለፈ።

ሙፈሪያት ግን አላለፈችውም። ሙፈሪያት የሐይቅ ልጅ ናት፤ ሚኒሶታ ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በዚህ ቤት በነርሲንግ አሲስታንትነት መሥራት ከጀመረች ደግሞ አሥራ አንድ። አማርኛና ኦሮምኛ እየሰማች አድጋለች፤ ዐረብኛ መጀመሪያ ቁርአን ቤት፣ ኋላም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ለምዳለች። ስለዚህ የማታውቀውን ቋንቋ ከዝም ብሎ ጩኸት መለየት አያቅታትም። የማርጊት ነገር ቦታ ቦታውን ጠብቆ ይደጋገማል። ውሃ ስትሰጣቸው "ቾንቴ" ይላሉ። ትራሳቸውን ስታስተካክል "ቾንቴ"። ካልሲያቸውን አልብሳቸው ስትነሳ "ቾንቴ"።

"ይሄ እኮ ምስጋና ነው" አለቻት አንድ ቀን ለነርሷ። "ሴትየዋ እያመሰገኑን ነው። በምን ቋንቋ እንደሆነ ነው ያላወቅነው።"

"ስማቸው ሊንድ አይደል? ኖርዌጂያን ይሆናላ" አለች ነርሷ፤ መድኃኒት የምታዞርበትን ጋሪ እየገፋች ሄደች።

የካቲት ላይ አንድ ሰኞ በረዶው መንገዱን ዘጋው። ግማሹ ሠራተኛ ኮል ሲክ አደረገ፣ አሞኛል ብሎ ደወለ፤ ሌላው ሃይዌይ ላይ ቀረ። ምግብ የሚያደርሱት ስላልመጡ የወጥ ቤቱ ሰዎች ራሳቸው ትሪ ተሸክመው ወደ ፎቅ ወጡ። ከመካከላቸው ፓስኳል የሚባለው፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው፣ አጭርና ጠንካራ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ሙፈሪያት ለሦስት ዓመት ከሰላምታ በቀር ከእሱ ጋር ሌላ ቃል አልተለዋወጠችም። የሜክሲኮ ሰው ይመስላት ነበር።

ፓስኳል ትሪውን ማርጊት ፊት አስቀምጦ ሊወጣ ሲል አሮጊቷ አንዴ ጎረስ አደረጉና ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ፓስኳል በሩ ላይ ቆመ። ዞረ። ሙፈሪያት የአልጋ ልብስ እየቀየረች ስለነበር ፊቱን አየችው፤ የሞተ ዘመዱን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

"ምን ሆንክ?" አለችው።

"ሾርባው ጨው አንሶታል እያሉ ነው።"

"በምን ቋንቋ?"

"በእናቴ ቋንቋ" አለ።

ቋንቋው ማም ይባላል። ፓስኳል የመጣው ከጓቲማላ ምዕራባዊ ተራሮች፣ ሳን ፔላዮ ከሚባል የማያ ሕዝብ ሙኒሲፒዮ ነው። ሙኒሲፒዮ ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዳት በተሰበረ እንግሊዝኛው ብዙ ደከመ፦ መሀል ላይ ቤተ ክርስቲያንና የማዘጋጃው አዳራሽ ያለባት ትንሽ ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን በየኮረብታው አሥራ አራት መንደሮች አሉ፤ ሊቀመንበር አለ፤ ከሊቀመንበሩ ይልቅ ሰው የሚፈራቸው በትር የሚይዙ ሽማግሌዎች አሉ። ሙፈሪያት መሀል ላይ ገብቷት ነበር። "ወረዳ ማለት ነዋ" አለች በአማርኛ፣ ለራሷ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፓስኳል የምሳ እረፍቱን ማርጊት ክፍል ማሳለፍ ያዘ። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ የሚጠፋባቸው ሁሉ በማም አይጠፋባቸውም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ቋንቋውን ሊማሩ ሄደው ሳን ፔላዮ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ከተመለሱ በኋላ ጦርነቱ በዚያ አገር ሲከፋ፣ አንድ ሸሽቶ የመጣ የሳን ፔላዮ ቤተሰብ ሚኒያፖሊስ ያሳረፉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቤተሰብ ወንድም መጣ፣ በወንድሙ አማች መጣ፣ እያለ እያለ እዚህ ከተማ የሳን ፔላዮ ሰው ሁለት መቶ ደረሰ። ፓስኳልም በአጎቱ በኩል መጥቷል። "የመጀመሪያዎቹን ያመጣች ቋንቋችንን የምታውቅ አንዲት ፈረንጅ ነበረች" ሲባል ልጅ ሆኖ ሰምቷል። ስሟን ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ማርጊት ሙፈሪያትን ቁምሳጥኑ ሥር ያለውን ካርቶን አውጪልኝ አሏት። የቡትስ ካርቶን ነው። ውስጡ ማርጊት ያኔ ሳን ፔላዮ ሳሉ የሰዎቹን ወግ የቀዱባቸው ሃያ ሦስት ካሴቶች በረድፍ ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ስም ተጽፎበታል። ፓስኳል አንድ በአንድ እያነሳ ሲያይ አራቱ ላይ አንድ ዓይነት ስም አገኘ። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"የማን ስም ነው?" አለች ሙፈሪያት።

"ጋስፓር። የእናቴ አባት።" ካሴቶቹን መልሶ እየደረደረ "ወታደሮች ወስደዋቸው ነው የቀሩት። እኔ ሳልወለድ። መቃብር የላቸውም፣ ፎቶ የላቸውም። ምን እንደሚመስሉ ስጠይቅ እናቴ እጄን ይዛ 'ጣትህ የሳቸው ነው' ትለኛለች" አለ።

የካሴት ማጫወቻ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልተገኘም። ሙፈሪያት ግን የት እንዳለ ታውቃለች። ባሏ ከማሉዲን ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ነው፤ ከደሴ ያመጣቸውን የመንዙማ ካሴቶች የሚሰማበት አሮጌ ቴፕ አለው፤ ልጆቹም እንኳ እንዲነኩት አይፈቅድም።

"ለሥራ ቦታ? እንዴ አንቺ ሴት፣ ጤነኛ ነሽ?" አለ ስትጠይቀው።

"ሰውየው የአያቱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፣ ከማል።"

ከማሉዲን ቴፑን በፎጣ ጠቅልሎ ራሱ መኪናው ውስጥ አስቀመጠላት። "መጀመሪያ ጭንቅላቱን በአልኮል ጥረጊው" አላት፤ "ደግሞ ወደ ኋላ ስታጠነጥኑ ቀስ።"

የመጀመሪያው ካሴት ገና ሲገባ ጥቅሉ ላልቶ ተጠላለፈ። ፓስኳል ደነገጠ። ሙፈሪያት ካሴቱን አውጥታ በማርጊት እርሳስ ጥርሱን ይዛ ስታጠነጥን፣ ጣቶቿ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልረሱትም። መልሳ ከተተችው። ሹሹታ መጣ። ዶሮ ጮኸ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አስሎ ጉሮሮውን ጠረገና መናገር ጀመረ።

ፓስኳል የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አልተረጎመም። ሙፈሪያትም አልጠየቀችውም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሰሙ ጀመር። ጋስፓር፣ በአገራቸው የክብር አጠራር ዶን ጋስፓር፣ የሳን ፔላዮ የሽማግሌዎች አለቃ ስለነበሩ አገሩ ከየት እንደተነሳ ያውቃሉ። ሰዎቹ በፊት ከላይ ጫፉ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ውርጭ በቆሎውን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሲገድልባቸው ወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከባሕር ዳርቻ አርባ ሰው እየተፈራረቀ በትከሻው አመጣው። መንገዱን እያንዳንዱ ቤት የአሥራ ሁለት ቀን ጉልበት አዋጥቶ ቆፈረው። ወንድ ሁሉ በዕድሜው አንድ ዓመት እርሻውን ትቶ አገሩን ያለ ደመወዝ ያገለግላል፤ አዳራሹን ይጠርጋል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ እስር ቤቱን ይጠብቃል።

"አንተስ አገልግለሃል?" አለች ሙፈሪያት።

"አላገለገልኩም" አለ ፓስኳል። "ተራዬ ሳይደርስ መጣሁ።"

ሙፈሪያት በጣም የወደደችው የእስር ቤቱን ወግ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ናት። የታሰረውን ሰው የሚቀልበው ከሳሹ ነው፤ ጧትና ማታ ከገዛ ቤቱ ምግብ ይዞ መምጣት አለበት። "ስለዚህ" ይላሉ ዶን ጋስፓር በካሴቱ ላይ "ሰው ከመክሰሱ በፊት ሚስቱን ያማክራል።" ማርጊት ይህን ሲሰሙ ከፓስኳል ቀድመው ሳቁ፤ በዚያን ጊዜም የሳቁት ሳቅ ካሴቱ ላይ ይሰማ ነበር፣ የወጣት ሴት ሳቅ።

ፓስኳል አያቱን ሊሰማ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። ሳን ፔላዮ ከጎረቤቷ ከሳንታ ኦላያ ጋር በአንድ ምንጭ ከተጣላች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ምንጩ በሁለቱ መካከል ካለው ጫካ ውስጥ ይወጣል፤ የሳን ፔላዮ ቧንቧ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሳንታ ኦላያዎች የእኛ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ቧንቧውን ቆርጠዋል፤ ሳን ፔላዮዎች መንገድ ዘግተዋል፤ አንድ ሰው በድንጋይ ተመትቶ ዓይኑ ጠፍቷል። የሳን ፔላዮ የመሬት ወረቀት አዳራሹ በጦርነቱ ሲቃጠል አብሮ ነዷል። በሰኔ ሁለቱም ወገን ያለውን ማስረጃ ይዞ ለድርድር እንዲቀርብ ቀጠሮ ተይዟል።

"አያቴ የወሰን ድንጋዮቹን በስም ያውቁ ነበር" አለ ፓስኳል። "አንዱ ካሴት ላይ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።"

ተገኘም፤ ሦስተኛው ካሴት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ዶን ጋስፓር ድንጋዮቹን ከምሥራቅ ጀምረው በእግራቸው የሚሄዱ ይመስል አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ ፓስኳል በወረቀት ቦርሳ ጀርባ ላይ ጻፈ፤ አሥራ ሰባት ሆኑ። ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው አንዴ አሳሉና ሌላ ነገር ጀመሩ። ሙፈሪያት ፓስኳል እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ አየች።

"ምን አሉ?"

ፓስኳል ቆመና ቴፑን አጠፋው።

"እረፍቴ አልቋል" አለ። ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አልመጣም። ማርጊት በየቀኑ በምሳ ሰዓት በሩን ያያሉ። በአምስተኛው ቀን ሙፈሪያት ወደ ምድር ቤት ወርዳ ወጥ ቤት ገባች፤ ፓስኳል ድስት እያጠበ ነበር። ዕቃ በሚራገፍበት በኋላው በር ወጥተው ቆሙ። በረዶው እየቀለጠ በቦዩ ይወርዳል።

"ምንጩ የእኛ አይደለም" አለ ፓስኳል ሳትጠይቀው።

ከዚያ ነገሩን ዘርዝሮ ነገራት። በዶን ጋስፓር አባት ዘመን አንድ የእሳት ተራራ ፈነዳ፤ አመዱ ለቀናት ወርዶ የሳን ፔላዮን ምንጭ ደፈነው። ሕዝቡ ውሃ ፍለጋ ሊበተን ሲል የሳንታ ኦላያ ሽማግሌዎች መጥተው "ምንጫችሁ እስኪመለስ ከእኛ ጠጡ" አሏቸው። የወሰኑን ድንጋይ ሁለቱም ወገን ተሸክመው ከምንጩ ወዲያ አሻገሩት፣ ምንጩም ጫካውም በሳን ፔላዮ በኩል እንዲውል። ውሰት እንጂ ስጦታ አልነበረም። ውሰት መሆኑ እንዳይረሳ ሳን ፔላዮ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ሻማና ሁለት የተርኪ ዶሮዎች ለሳንታ ኦላያ ሽማግሌዎች ይወስዳል። ጦርነቱ ሲመጣ መውሰዱ ቀረ፤ ይወስዱ የነበሩት ሽማግሌዎች ሞቱ፤ ድንጋዩ ግን ባለበት ቀረ።

"እናቴ ተርኪውን ታስታውሳለች" አለ። "ለምን እንደሚወሰድ ግን አታውቅም። እዚያ በቆሎ የምትዘራበት መሬት ያለው ከተዛወረው ድንጋይ ወዲህ ነው። የእሷ ብቻ አይደለም፣ የአሥራ አንድ ቤት። እና አሁን እኔ፣ አገልግሎቴን እንኳ ያልሰጠሁ ሰው፣ ከዚህ ቁጭ ብዬ..." እጁን በሽርጡ ጠረገ። "ካሴቱን መልሳችሁ ካርቶኑ ውስጥ አድርጉት። ሃምሳ ዓመት ተቀምጧል፤ ይቀመጥ።"

ሙፈሪያት እጆቿን ጃኬቷ ውስጥ ከተተች።

"አባቴ" አለች "ወንድሙና ጎረቤቱ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ለምስክርነት ተጠርቶ ነበር። ወንድሙ የሚመሰክርልኝ መስሎት አብሮት ሄደ። አባቴ ድንበሩ የጎረቤቱ ነው አለ።"

"ከዚያስ?"

"አጎቴ ዘጠኝ ዓመት ደጃችንን አልረገጠም። ዒድ ሲሆን እኛ ልጆቹ እየሄድን ሰላም እንለዋለን፣ እሱ አይመጣም።"

"ታረቁ?"

"አልታረቁም። አባቴ ሲሞት መጥቶ መቃብሩን የቆፈረው ግን እሱ ነው፤ አካፋውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ።" ከዚያ "ምን አድርግ ለማለት አይደለም የነገርኩህ፤ ትዝ ብሎኝ ነው" አለችው።

በማግሥቱ ፓስኳል ወደ ማርጊት ክፍል ወጣ። ማርጊት የዚያን ቀን ደህና ውለዋል፤ እንግሊዝኛውም ማሙም ነበራቸው። ፓስኳል ቁጭ ብሎ ካሴቱ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ ብሎ እንዳሰበ ነገራቸው። አሮጊቷ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ዶን ጋስፓርን በዚያን ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር" አሉ ቀስ እያሉ። "ይህን ለምን ለአገርዎ ሰው አይነግሩም አልኳቸው። 'ለአገሬ ሰው ብነግረው መሬቱ ያለው ሰው ይረሳዋል፤ አንቺ መሬት የለሽም' አሉኝ። መልሼ እንዳመጣው ቃል አስገብተውኛል። መጀመሪያ ጦርነት ሆነ። ከዚያ ሳን ፔላዮ ማንም አልቀረም ተባለ። ከዚያ ደግሞ..." ግራ እጃቸውን አንስተው አወረዱ። "አፈርኩ። ሰው ሲያፍር ዓመት ይቆጠራል።"

ፓስኳል የመጀመሪያውን ካሴት ከካርቶኑ አወጣ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ።

ለእናቱ መጀመሪያ ያሰማቸው ስለ ምንጩ የሚለውን አልነበረም። የመጀመሪያውን ካሴት መጀመሪያ አሰማቸው። ስልኩን ቴፑ አጠገብ ያዘ። ዶሮው ጮኸ፤ ሽማግሌው አሳሉ። በወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ፤ ሙፈሪያት መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። ቆይቶ የሴት ድምፅ መጣ፤ ፓስኳል ተረጎመው። "ሳሉ የሳቸው ነው እያለች ነው። ጧት ጧት በዚያ ሳል ነበር የምንነቃው እያለች ነው።" እናቱ መልሰህ አሰማኝ አሉ፤ አሰማቸው። አራት ጊዜ አሰማቸው። ማርጊት ከአልጋቸው ሆነው በማም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴትየዋ በስልኩ ጮክ ብለው መለሱ።

"አስታወሰቻቸው" አለ ፓስኳል፣ ዓይኑን እየጠረገ። "ቶርቲያ ቂጣ ሲጋግሩ የሚያሳርሩት ፈረንጅ ናቸው ወይ አለች።"

ስለ ምንጩ የሚለውን የነገሯቸው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቱ ሰምተው ሲጨርሱ ያሉት ነገር ፓስኳልን አስደነገጠው። ሰኔ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም አሉ፤ እሑድ የገበያ ቀን ስብሰባ አለ፤ ካሴቱን በዋትሳፕ ላክልኝና እኔው ራሴ አሰማቸዋለሁ።

"እማ፣ መሬትሽ እኮ ነው" አላቸው።

"አባቴን ስንት ዓመት ዝም አሰኝተውታል" አሉ እናቱ። "እኔ ደግሜ ዝም አላሰኘውም።"

ያን እሑድ ሙፈሪያት ሥራ አልነበራትም፤ ቢሆንም መጣች። ከማሉዲንም ቴፑን አየዋለሁ ብሎ አብሯት መጣና ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የፓስኳል ስልክ የማርጊት ጠረጴዛ ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከሳን ፔላዮ አደባባይ የገበያ ጫጫታ፣ የሙዚቃ ድምፅ፣ የሊቀመንበሩ ማይክሮፎን ይሰማል። ከዚያ ዶን ጋስፓር በድምፅ ማጉያ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከኮረብታው ላይ እየነጠረ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር። ገበያው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ድንጋዮቹ በስም ሲጠሩ ከሕዝቡ መሀል ሽማግሌዎች አብረው ሲጠሩ ተሰማ። ውሰት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ አደባባዩ ተነሳ።

ፓስኳል እየሰማ በቁርጥራጭ ይነግራቸዋል። "ውሸት ነው አሉ። የተቀነባበረ ነው አሉ... አንዱ ስሜን ጠራ። 'አዳራሹን አንድ ቀን ጠርጎ የማያውቅ፣ ከአሜሪካ ውሃችንን ይሸጣል' አለ።" አንገቱን ደፋ። "ይሄኛው እዚያ የቀረው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። 'አንቺ እህቴ አይደለሽም' አላት።"

ከማሉዲን ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቡ ቆመ፤ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

ያን ቀን ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። እናቱ ወደ ቤት ሲሄዱ ከኋላቸው ድንጋይ የወረወረ ሰው ነበር፤ አልመታቸውም። ሁለት ሳምንት ያህል ከሦስት ቤት በቀር ሰላም የሚላቸው አልተገኘም። ፓስኳል በሥራ ላይ ሰሃን ይሰብር ጀመር። ሙፈሪያት ስታገኘው "እናትህ እንዴት ናቸው?" ትለዋለች፤ "ደህና ነኝ ትላለች" ይላል።

ነገሩን ያዞሩት ሳንታ ኦላያዎች ናቸው። ወሬው ተራራውን ተሻግሮ ደርሷቸው ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ጧት ስድስት ሽማግሌዎቻቸው በትራቸውን ይዘው ቀጥታ ወደ እናቱ ቤት መጡና ካሴቱን አሰሙን አሉ። ሁለት ጊዜ ሰሙ። ከመካከላቸው ዕድሜው ዘጠና የሚጠጋው "'ምንጫችሁ እስኪመለስ' ነው የተባለው። ተመልሷል?" ብሎ ጠየቀ። አልተመለሰም አሉ እናቱ። "እንግዲያው ውሰቱ አላለቀም" አለ ሽማግሌው። "እኛን ያናደደን ውሃው አልነበረም። የእኛ ነው ማለታችሁ ነው።"

ከዚህ በኋላም ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ሰኔ አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ፤ ተሰበሰቡ፣ ተጯጯሁ፣ ተበተኑ፣ እንደገና ተሰበሰቡ። በመጨረሻ ሁለቱም የፈረሙት እንዲህ ነው፦ ቧንቧው ይቀጥላል፣ ሁለቱም ይጠጣሉ፣ ጥገናውን ሁለቱም ይሠራሉ። የወሰኑ ድንጋይ ወደ ጥንት ቦታው ይመለሳል። ከድንጋዩ ወዲያ የሚቀረው የአሥራ አንድ ቤት እርሻ የዚህ ዓመት በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ለሳንታ ኦላያ ይለቀቃል። የፓስኳል እናት መሬትም ከዚያው ውስጥ ነበር። ለአሥራ አንዱ ቤት ሳን ፔላዮ ከወል መሬቷ ምትክ ሰጠች፤ ምትኩ ዳገት ላይ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል። አጎቱ እስካሁን እህቱን አያናግርም።

"ትቆጫለህ?" አለችው ሙፈሪያት፣ ይህን በነገራት ቀን።

ፓስኳል አሰበ። "ዳገቱን በስልክ ሳየው እቆጫለሁ" አለ። "እሷ ግን ሌሊት ደህና እተኛለሁ ትለኛለች። እኔም እንግዲህ..." ትከሻውን ነቀነቀ። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ሄዶ መሬቱን ሊያርስላቸው አይችልም፤ ሠራተኛ ቀጥሮላቸዋል።

ካሴቶቹን በሙሉ በስልክ ገልብጠው ከጨረሱ በኋላ ማርጊት ዋናዎቹ ለሳን ፔላዮ ትምህርት ቤት ይሂዱ አሉ። በመስከረም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተገኝቶ ካርቶኑን በሻንጣው ይዞ ሄደ። ከማሉዲን የቴፕ ጭንቅላት እንዴት እንደሚጠረግ በምልክት እያሳየ ለሰውየው አስረዳው፤ ትርፍ እርሳስም ሰጠው።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጧት ሙፈሪያት እረፍት ላይ ሳለች ፓስኳል ስልኩን ይዞ መጣ። እናቱ ሊያናግሯት ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሴቶች እስከዚያ ቀን በቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። እናቱ መጀመሪያ ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቁ፤ ሦስት አለች። ቀጥለው በአገርሽ በቆሎ ይበቅላል ወይ ብለው ጠየቁ።

"ይበቅላል በላቸው። በእናቴ አገር ግን ማሽላ ነው የሚበዛው።"

"ማሽላ ምንድን ነው?" አለ ፓስኳል። "እኔም አላውቀውም።"

"አገዳው እንደ በቆሎ ነው፤ ፍሬው ግን ጎኑ ላይ አይደለም፣ አናቱ ላይ ነው። እንደ ጡጫ ሆኖ፣ ፍሬው ሁሉ ወደ ውጭ።"

ፓስኳል ተረጎመ። እናቱ ረጅም ጥያቄ ጠየቁ።

"ፍሬው ራቁቱን ከሆነ ወፍ አይጨርሰውም ወይ ነው የምትለው።"

ሙፈሪያት ሳቀች። "ይጨርሰዋል እንጂ! ማማ ሠርተን፣ እዚያ ላይ ቆመን፣ በወንጭፍ ስናባርር ነው የምንውለው። ከንጋት እስከ ማታ። ድምፃችን እስኪጠፋ።"

ፓስኳል ወንጭፍ የሚለውን ሲያስረዳ እናቱ እንደማያዩት ረስቶ እጁን ራሱ ላይ አሽከረከረ። እናቱ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። እነሱን የሚያስቸግራቸው አንድ ጥቁር ወፍ እንደሆነ፣ ድምፁ ዘይት ያልነካው በር እንደሚመስል፣ በአዲሱ ዳገት ላይ ደግሞ ከታችኛው መሬት ይልቅ እንደሚበዛ ነገሯት። የእናንተ ወፍ ምን ዓይነት ነው ብለው ጠየቁ። ሙፈሪያት ትንንሽ ነው፣ እንደ ደመና ሆኖ ነው የሚመጣው አለች። እናቱ ትንሽ ወፍ ይሻላል፣ ትልቁ ይዳፈራል አሉ።

እንዲህ እያሉ የሙፈሪያት አሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ። ስልኩን ለፓስኳል መልሳ ወደ ክፍል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሄደች፤ እዚያ የሚኖሩት ሽማግሌ ገላቸውን ለመታጠብ ፎጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጠበቋት ነበር።